ዓርብ ወደ ቀኝ፣ እሁድ ወደ ግራ

የእህቴ ባል ሾፌር ነው። ሰው ሁሉ «ቀስ በሉ» እያለ ይጠራዋል፤ እውነተኛ ስሙን ከእህቴ በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ስሙን ያወጣው በገዛ አፉ ነው። ተሳፋሪ ሲጋፋ «ቀስ በሉ!»፣ ልጆች በር ላይ ሲንጠላጠሉ «ቀስ በሉ!»፣ እኔ ስቆጣ «ኧረ ቀስ በይ!» ከእኔ ጋር ግን አልተሳካለትም። እኔ በዚያው አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነኝ። አስራ ዘጠኝ ዓመት መተላለፊያው ላይ ቆሜ ስጮህ ኖሬ ቀስ ማለት ከየት ይመጣል?

መስመራችን ከእንጨት መሰንጠቂያው ተነስቶ ሆስፒታሉ በር ላይ ያልቃል። አውቶቡሷ ሃያ ዘጠኝ ወንበር ያላት አሮጊት ናት፤ በዚህ መስመር ከእሷ ሌላ የለም። ቀስ በሉ ግን እንደ ሙሽራ ነው የሚይዛት። ጉድጓድ ሲያይ አስቀድሞ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል።

እሱ ክርስቲያን ነው፣ እኛ ሙስሊም ነን። እህቴን ሲያገባ አባታችን ሁለት ዓመት አኮረፉ። የእሱ አባት ደግሞ ሦስት ዓመት አኮረፉ፤ እልህ ተጋብተው ነው መሰለኝ። በመጨረሻ ሁለቱ ሽማግሌዎች ጉልበታቸውን ሊታዩ በዚችው አውቶቡስ ሆስፒታል ሲሄዱ ጎን ለጎን ተገጣጠሙና፣ ስለ ጉልበት ሲያወሩ መኮራረፉን ረሱት። ባልና ሚስቱ ሁለት ክፍል ቤት አላቸው። በአንዱ እሷ ትሰግዳለች፣ በሌላው እሱ ይጸልያል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲጣሉ የሰማሁት በመስኮቱ ብቻ ነው፤ እሷ ይከፈት፣ እሱ ይዘጋ።

ከአራት ዓመት በፊት የእህቴ ኩላሊት እምቢ አለ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ሆስፒታል ሄዳ ደሟን በማሽን ታሳጥባለች። አንድ ቀን ከቀረች ታብጣለች፣ ሁለት ቀን ከቀረች... አላህ አያሳየኝ። ወንበሯ ከሾፌሩ ኋላ፣ መስኮቱ ጋ ያለው ነው። ሲያዞራት የባሏን ወንበር ጀርባ በጣቷ አንዴ ትመታለች፤ ያኔ ቀስ ይላል። ሁለቴ ከመታች ያቆማል። ዞር ብሎ አያያትም፣ እሷም አትጠራውም። እኔ ከበሩ ሆኜ ሳያቸው አንዳንዴ አንጀቴን ይበሉታል፣ አንዳንዴ ደግሞ «እናንተ ደግሞ! አፍ የላችሁም?» ብዬ እጮህባቸዋለሁ።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር በስልካቸው መዝሙር ከፍተው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ጨርቅ ነጋዴው መጣና በስልኩ ቁርኣን ከፈተ። መምህሩ ድምፁን ጨመሩ። ነጋዴው ጨመረ። መምህሩ ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጉለት፤ እሱም የራሱን ወደ ጆሯቸው አስጠጋ። ሁለቱም ፊታቸውን ቀጥ አድርገው፣ ምንም እንዳልሆነ፣ አንዱ የአንዱን ጆሮ በስልክ ዘግተው ሦስት ፌርማታ ሄዱ። በአራተኛው ላይ ተያያዙ። ኮሌታ ለኮሌታ!

ቀስ በሉ መኪናውን ዳር አስይዞ ተነሳ። «ኧረ ቀስ በሉ አባቶቼ! መምህር፣ እርስዎ እዚህ በእኔ በኩል ይሁኑ። ጋሼ፣ አንተ ደግሞ በበሩ በኩል። በቃ! ተገላገልን» አለ። እነሱም ተለያዩ። እሱም በሠራው ዕርቅ ደስ ብሎት ማርሽ አስገባ። የሰውዬው ጥፋት እንግዲህ ይህቺ ብቻ ናት።

በማግስቱ ክርስቲያኑ ሁሉ በግራ፣ ሙስሊሙ ሁሉ በቀኝ ተቀምጦ አገኘሁት። ማንም አላዘዘ። «ሾፌሩ ያወጣው ደንብ ነው» ይላሉ። ቀስ በሉ «ኧረ ለሁለቱ ነው ያልኩት! ለእናንተ አይደለም!» ብሎ ቢለምን ማን ሰምቶት? በግራ ወንበር ባዶ ሆኖ ሙስሊሙ በቀኝ ቆሞ ይሄዳል። ሁለት ጓደኛሞች፣ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች፣ አንዷ በዚህ አንዷ በዚያ ተቀምጠው መተላለፊያውን አቋርጠው እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዱ ነበር፤ እኔም ባለፍኩ ቁጥር እንደ ገመድ እዘላቸዋለሁ። ሃይማኖት የለኝም ያለ አንድ ጎረምሳ መጣ። «ታዲያ የት ልቀመጥ?» ቢለኝ «እኔ ጋ ቁም» አልኩት። እኔን ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ትኬት ቆራጭ በሥራ ሰዓት ሃይማኖት የለውም መሰለኝ። ደግሞም ቀኑን ሙሉ ከሾፌሩ ጋር ስለምጨቃጨቅ የእሱ እህት እመስላቸዋለሁ።

እህቴንም አልጠየቋትም። የሾፌሩ ሚስት ናት፤ በግራ ነው የተቀመጠችው፤ በቃ ክርስቲያን ናት። ቤት ስንገባ «እትዬ፣ ምነው ዝም አልሽ?» ብላት «አልጠየቁኝማ» አለች። ባሏ አንገቱን ደፍቶ «ከኋላዬ ካልሆነች መንዳት አልችልም» አለኝ። «አየህ? ሕግ አውጪውም አንተ፣ ሕግ አፍራሹም አንተ!» አልኩት። ደሜ ፈልቶ ነበር። እሱ ግን አልሳቀም።

ብዙም ሳይቆይ አውቶቡሷ መንጋደድ ጀመረች። እሁድ ወደ ግራ፣ ዓርብ ወደ ቀኝ። መካኒኩ ከሥር የሚሸከማት የቀኙ ባሌስትራ ደክሟል ብሎ ቀየረው፤ እሁድ ወደ ግራ ተጋደደች። የግራውን ቀየረው፤ ዓርብ ወደ ቀኝ ተጋደደች። አንድ ሳምንት ጎማ ሥር ተጋድሞ ከቆየ በኋላ ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ በብልሽት መዝገቡ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ብልሽቱ፦ እሁድ ወደ ግራ፣ ዓርብ ወደ ቀኝ ማዘንበል። ምክንያቱ፦ ሃይማኖት።» ከዋናው መሥሪያ ቤት በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። «የተጠቀሰው መለዋወጫ በመጋዘናችን የለም» ይላል።

ከመልሱ በኋላ ተቆጣጣሪው ራሱ መጣ። ኪሱ ውስጥ ሜትር ያለው፣ ፈገግታ የሌለው ሰው ነው። ተሳፋሪ እንደሞላባት የአውቶቡሷን ቀኝና ግራ ከመሬት ለካ። ልዩነቱ አራት ጣት። «ባዶዋን ለካት፣ ቀጥ ያለች ናት!» አለ መካኒኩ። «ባዶ አውቶቡስ ማንን ያሳፍራል?» አለ ሰውዬው። «ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ከነተሳፋሪዋ እለካታለሁ። ከሁለት ጣት ካለፈች ከመስመር ትወጣለች። ምትክ የለንም።»

ያለ አውቶቡሷ እህቴ በምን ትሄዳለች? ከቤት እስከ ሆስፒታል በእግር ለጤነኛ ሁለት ሰዓት ነው። ቀስ በሉ መሪው ላይ ሁለት እጁን ጭኖ ቀረ። «እኔ ነኝ» አለ። «በገዛ አፌ ነው ያጠፋኋት።» አዘንኩለት፤ አሁንም ባስታወስኩት ቁጥር አዝናለሁ።

ተሳፋሪዎቹ ኮሚቴ አቋቋሙ። መቼም ተቀላቅለው ይቀመጣሉ ብላችሁ እንዳታስቡ! መምህሩ የግራው ተወካይ፣ ጨርቅ ነጋዴው የቀኙ ተወካይ ሆኑና የሁሉም ሰው ክብደት በደብተር ይመዝገብ ተባለ። መምህሩ ደብተራቸውን ይዘው ወንበር ለወንበር ዞሩ። ሴቶቹ ክብደታቸውን ቀነሱ፣ ወንዶቹ ጨመሩ። እህቴ ጋ ሲደርሱ «ስሄድ አርባ አራት፣ ስመለስ አርባ ሁለት ነኝ» አለች። ማሽኑ ሁለት ኪሎ ውሃ ያወጣላታል፤ ሆስፒታሉ ሲገቡም ሲወጡም ይመዝናቸዋል። መምህሩ እንደዚህ ያለ ትክክለኛ ሰው አይተው አያውቁምና «ጎበዝ!» ብለው ሁለቱንም ጻፉ።

ከዚያ ወዲያ የእኔ ጩኸት ተቀየረ። ድሮ «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» ነበር የምለው። አሁን በየፌርማታው አንገቴን አውጥቼ «ሁለት ክርስቲያን! ሁለት ክርስቲያን ብቻ!» እላለሁ። እሁድ ሲሆን «ወፈር ያለ ሙስሊም! አንድ ወፈር ያለ!» መንገደኛው አብዳለች ብሎ ያየኛል። አንድ መቶ አስራ ሁለት ኪሎ የሚመዝን ሙስሊም ዳቦ ጋጋሪ ነበር፤ እሁድ እሁድ ቤቱ በር ድረስ ሄደን እንወስደው ጀመር። ሰውየው የሚሄድበት የለውም። ዝም ብሎ ደርሶ መልስ ይቀመጥልናል፣ ሲወርድ መምህሩ ራሳቸው ያመሰግኑታል።

እሱም አልበቃ። መካኒኩ የሠላሳ ኪሎ የአሸዋ ከረጢት አመጣ። ዓርብ ክርስቲያን ስለሚያንስ በግራ ይቀመጥ ተባለ። አንዱ ከኋላ ተነስቶ «አሸዋው ከየት ነው የመጣው?» አለ። የመስጊዱ ውሃ ማጠራቀሚያ ሲሠራ የተረፈ ነው። «እንዴት ተደርጎ!» ግራው ጮኸ። «የእኛ አሸዋ እዚያ ምን ይሠራል?» ቀኙም ጮኸ። መካኒኩ ሄዶ ከቤተክርስቲያኑ አጥር የተረፈ ሌላ ሠላሳ ኪሎ አመጣ። «ሁለቱም እኮ ከአንድ ወንዝ የወጣ ነው!» ብሎ ቢምል፣ አንዱ «ወንዙስ የማን ነው?» አለው። መካኒኩ ሁለቱን ከረጢቶች ጋራዡ ጥግ ጥሎ ሥራውን ቀጠለ።

ያቺ ዓርብ ደረሰች። መምህሩ በደብተራቸው ደምረው ቀንሰው፣ እኛም ከአምስት ፌርማታ አራት ክርስቲያን ለምነን ስናሳፍር፣ «ሁለት ጣት አይሞላም!» አሉ። ፊታቸው በርቷል። እህቴ ወንበሯ ላይ ናት። ከእንግዲህ መስመራችን አይዘጋም ብዬ እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝ።

ገበያው ፌርማታ ላይ አንድ ሽማግሌ ተሳፈሩ። የአባታችን የድሮ ጎረቤት ናቸው፤ ስንት ዓመት አላየናቸውም። እህቴን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ። «አሰላሙ ዐለይኩም! የሐጂ ልጅ! አንቺ ነሽ?»

እህቴ ባሏን አየች፣ እኔን አየች። ሽማግሌን ሰላምታ መንሳት የማን አስተዳደግ ነው? «ወዐለይኩሙ ሰላም አባባ» አለች።

መምህሩ ላጲሳቸውን አወጡና ደብተራቸው ላይ አርባ አራቷን ኪሎ ይፈገፍጉ ጀመር። ቀኙ በደስታ ተነሳ። «ነይ እህታችን! ምነው እስከ ዛሬ?» ጨርቅ ነጋዴው ወንበሩን ለቀቀላት። ግራው «ከሄደችማ ሚዛኑ ጠፋ! ትቀመጥ!» አለ። «የእኛ ናት!» «ኪሎዋ የእኛ ነው!» እያሉ ሊያያዙ ሲሉ፣ እህቴ ቦርሳዋን አንስታ «በእኔ እንዳትጣሉ» ብላ ተነሳች። ክንዷን ይዤ አሻገርኳት። ቆዳዋ ቀዝቅዟል። እንዲያው ምን ቆርጦኝ አሻገርኳት? ዛሬም ራሴን እረግማለሁ።

በቀኝ ገደል ያለበት ጠመዝማዛው መንገድ ጋ ስንደርስ አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል። እጇን ዘርግታ ከፊቷ ያለውን ወንበር ጀርባ በጣቷ መታች። አንዴ። ከዚያ ሁለቴ። የተቀመጡበት እኒያ ሽማግሌ ናቸው። ዞር ብለው «ምን ፈለግሽ ልጄ?» አሏት። ባሏ አልሰማም፤ ወንበሩ አልተመታማ! እሷም እንደገና ሁለቴ መታች፣ እሳቸውም እንደገና «አቤት ልጄ?» አሉ።

«አቁም!» ብዬ ጮህኩ። «ሰውዬ አቁም! ትመታለች እኮ!»

ሲያቆም እህቴ ወደ ጎን ተንሸራተተች። ያኔ ጉድ ፈላ። ግራ የለ ቀኝ የለ ሁሉም ተነስቶ ላይዋ ላይ ተከመረ። አንዱ ውሃ፣ አንዱ በጋዜጣ ማራገብ፣ አንዷ ሻሿን ማላላት፤ መምህሩ በደብተራቸው ያራግባሉ። ሃያ ዘጠኝ ወንበር ሙሉ ሰው ከነቆመው በቀኝ በኩል! አውቶቡሷ ወደ ገደሉ አዘነበለች፣ ባሌስትራው ከሥር «ሲጥ... ሲጥጥ» አለ።

ቀስ በሉ ሚስቱን ታቅፎ ቀና አለ። እንደዚያ ሲጮህ በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። «ቀስ በሉ! ትገለብጡናላችሁ! ግማሻችሁ ወደ ግራ! ቶሎ!»

ማን ማንን ሃይማኖትህ ምንድነው ሊል ነው? ለሕይወቱ የሳሳ ሁሉ ያገኘው ወንበር ላይ ዘጭ አለ። እሱ እህቴን ተሸክሞ ከኋላው፣ ከቦታዋ አስቀመጣት። ውሃ ቀመሰች፣ ዓይኗን ገለጠች። «ማንም ካለበት እንዳይነቃነቅ!» አለና ነዳ። አንድም ሰው ፍንክች አላለም። እስከ ሆስፒታሉ የተሰማ ነገር ቢኖር ወንበሩ ላይ አንዴ፣ ቀስ ብላ የመታችው ብቻ ነው።

ተቆጣጣሪው ሜትሩን ዘርግቶ በሩ ላይ ይጠብቃል። «ማንም አይውረድ!» አለ። «እህቴ ታማለች፣ ትውረድ!» ብዬ ልተናነቀው ስል እህቴ እጄን ያዘችኝ። «ይለካ» አለች። «ከወረድኩማ ይበላሻል። እጠብቃለሁ።» ሰውየው በቀኝ ለካ፣ በግራ ለካ፣ ተመልሶ በቀኝ ለካ። «አንድ ጣት» አለና ፈረመ።

ከዚያ ነው መምህሩ ቀና ብለው ግራ ቀኝ ያዩት። እሳቸው በቀኝ፣ በር አጠገብ ናቸው። አጠገባቸው ጨርቅ ነጋዴው አለ። እኒያ ሽማግሌ ለምነን ካሳፈርናቸው አራት ክርስቲያኖች መሐል ተወሽቀዋል። ዳቦ ጋጋሪውን የሚያህል ሰው በሌላው ጭን ላይ ነበር። መምህሩ ሊነሱ ሲሉ ነጋዴው እጃቸውን ያዘ። «ይተው መምህር፣ ሚዛኑ ይበላሻል።»

ሕግ ሆነ። ምን ላድርጋችሁ፣ እነዚህ ሰዎች ሕግ ይወዳሉ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉም የሚቀመጠው በዚያች ዓርብ በተቀመጠበት ነው። ጠቡ አልቀረም፤ «ይሄ የዓርብ ወንበሬ ነው!» እያሉ ይጣላሉ። ግን አሁን ክርስቲያኑ ከክርስቲያን፣ ሙስሊሙም ከሙስሊም ጋር ነው የሚጣላው። መምህሩና ነጋዴው በአንድ ስልክ፣ አንድ ቀን የአንዳቸውን፣ አንድ ቀን የሌላውን ይሰማሉ። ድምፁ ከፍ ሲል እኔ ነኝ የምቆጣው።

እህቴ ከዚያ በኋላ ሰባት ወር በዚያ ወንበር ተመላለሰች። በስምንተኛው ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት በቤቷ ሞተች። ከሰዓት በኋላ ቀበርናት። ሌላ ሾፌር ይምጣ ቢባል ቀስ በሉ እምቢ አለ፤ እሱ ራሱ ነድቶ ወሰደን፣ እሱ ራሱ ነድቶ መለሰን። ሰው ሁሉ በየዓርብ ወንበሩ ነበር። እንደዚያን ቀን ቀስ ብሎ ሲነዳ አላየሁትም፤ እግረኛ ይቀድመን ነበር።

ከዚያ ወንበሯ ላይ ማን ይቀመጥ? ቆመው ይሄዳሉ እንጂ ማንም እዚያ አይቀመጥም። እንግዳ ሊቀመጥ ሲል ከአራት ወንበር «ተው! ሰው አለበት!» ይሉታል። በሦስት ሳምንቱ መካኒኩ ከጎማው ሥር ወጥቶ እጁን ጠረገ። «ወደ ቀኝ ታዘነብላለች» አለ። «ትንሽ ናት። ግን ታዘነብላለች።» ተቆጣጣሪው ደግሞ በወሩ መጨረሻ ይመጣል።

ኮሚቴው ጋራዥ ተሰበሰበ። ነጋዴው ማንንም ሳያይ «ያ አሸዋ አለ?» አለ። መካኒኩ ሁለቱንም ከረጢቶች ከጥግ ጎትቶ አመጣና ሚዛን ፈለገ። «ስንት ኪሎ ላድርገው?»

መምህሩ ደብተራቸውን ገለጡ። ያኔ በላጲስ የፈገፈጉትን ኪሎ እንደገና በእስክሪብቶ ጽፈውታል። «ስትሄድ አርባ አራት» አሉ። «ስትመለስ...» ብለው ደብተሩን ለነጋዴው ሰጡት። እሱም አንብቦ ዘጋው።

ቀስ በሉ በሩ ላይ ቆሟል። ሁላችንም አየነው።

«ስትመለስ የነበረችውን አድርገው» አለ።

መካኒኩ ሚዛኑ ላይ የመስጊዱን ከረጢት አስቀመጠ፤ ሠላሳ ነው። የቤተክርስቲያኑን ፈታና በቆርቆሮ እየቀዳ አስራ ሁለት ጨመረበት። ማንም ከየት ነው አላለም። ነጋዴው ከረጢቱን ተሸክሞ ከሾፌሩ ኋላ፣ መስኮቱ ጋ አስቀመጠው። መምህሩ እንዳይወድቅ በገመድ አሰሩት። ቀስ በሉ መስኮቱን ከፈተው። እኔም በሩን ዘግቼ «ሂድ!» አልኩት።